አሥራ አንድ ደቂቃ

ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ረፋዱ ላይ ደርሼ፣
የአጥሩን ቅጠል በመስተዋት ዳስሼ፣
ከዊዘርኮምብ ሜዳ አውቶቡሴን ሳቆም፣
አንድ ሰው ይወርዳል፤ አንዳንዴ እሱም የለም።
አሥራ አንድ ደቂቃ መርሐ ግብሩ ሲለኝ፣
ሞተሩን አጠፋለሁ፤ ዝምታው ይቀበለኝ።
ሻዬን በፔርሙዝ ይዤ፣ ኮፍያዬን ደፍቼ፣
ሃያ ሁለት ዓመት ኖርኩኝ ሄጄ መጥቼ።

መጀመሪያ ሰሞን ምን ነበር ያየሁት?
የድንጋይ ቤት ብቻ፣ በሣር የከደኑት፤
ቅስት ድልድይ አለ፣ ሁለት በግ የማያሳልፍ፣
ወፍጮ ቤትም አለ፣ ውሃው ጥሎት የሚያልፍ፤
ጎንበስ ተብሎ የሚገባ አንድ መጠጥ ቤት፣
ስንት ግንባር ያቆሰለ ጉበን ያለበት።
ቱሪስት ሲመጣ ይህንኑ ያነሣል፣
ስልኩን ከኪሱ ከትቶ ወዲያው ይመለሳል።

እኔን ግን ሄስተር ናት መንደሩን ያሳየችኝ፣
በሰማንያ ዓመቷ፣ "ክሌም፣ ና!" እያለችኝ።
የቤተ ክርስቲያኑን ቁልፍ የምትይዝ እሷ፤
ክንድ የሚያህል ብረት አይጠፋም ከኪሷ።

የታኅሣሥ ፀሐይ ዝቅ ብላ ስትወጣ፣
ግጦሹ ጎድን አለው፣ ከሣር ሥር የወጣ።
"ይህ ትልም ነው" አለች፣ "በበሬ የታረሰ፣
ስድስት መቶ ዓመት ማረሻ ያልዳሰሰ።
መቅሰፍቱ ሲመጣ፣ ያ ጥቁር ወረርሽኝ፣
አራሹን በሳምንት ከነዘሩ ሲሸኝ፣
ትልሙ ተከፍቶ፣ እህሉ ጎታ ቀረ፤
ሣር ነው የሸፈነው፣ በግ ነው የከበረ።"

ውስጥ ስንገባ፣ ብርዱ አፈር አፈር ይላል፣
ሻማ፣ የረጠበ መጽሐፍ፣ የሌሊት ወፍ ይሸታል።
መሠዊያው ፊት ለፊት ነሐስ ለብሶ የተኛ፣
አንድ አበምኔት አለ፣ የዘመኑ ዳኛ፤
ስሙን በላቲን ነው ያስጻፈው ዙሪያውን፣
እንዳይረሱት ብሎ፣ ከፍሎ ዋጋውን።
ግን ጫማ አለፈበት፣ መጥረጊያና ጉልበት፤
ፊቱ ሙልጭ ያለ ትሪ፣ ምንም የሌለበት።

"እሱን ተወው" አለች፣ በከዘራ ነክታ፣
ከበሩ አጠገብ ምንጣፏን አንሥታ።
ከሥሩ ጡብ አለ፤ ከጡቡ ላይ ደግሞ፣
የውሻ እግር፤ አራት ጣት፣ ጠልቆና ታትሞ።

ታየኝ ያ ጡብ ሠሪ፣ ሸክላውን አስጥቶ፣
"ሂድ! ውጣ!" ሲል ሰማሁ፣ ድንጋይ አንሥቶ፤
ውሻው ጭራውን ቆልፎ በእርጥቡ ሲሮጥ፣
ያ ሰው ከንፈር ነክሶ በንዴት ሲንቆራጠጥ።
ለመጣል ሳስቶ ነው፣ እሳት የከተተው፤
በር ሥር አነጠፈው፣ ሰው እንዳያየው።

የአበምኔቱ ፊት በዘመን ተፋቀ፤
የውሻው መዳፍ ግን ጣቱን እንኳ አልለቀቀ።
ለመቅረት የከፈለ ሲሄድ እያየሁት፣
ተባርሮ ያለፈውን እዚሁ አገኘሁት።

ሠላሳ ቤት ቆሟል፣ አበባ የለበሰ፤
ዘጠኙ ብቻ ነው ማለዳ የጤሰ።
ቀሪው የሩቅ ሰው ነው፣ የለንደን ባለሀብት፣
ለሐምሌ ሁለት ሳምንት፣ ለገና ሦስት ሌት።
የመዝጊያው ቀለም አዲስ፣ ጽጌረዳው ምርጥ፣
ግን የሚያስል የለም ከመስኮቱ ውስጥ።
"ያኔ ሰው የጨረሰው ቸነፈር ነበረ፤
ዛሬ ግን ማማራችን በሽታ ሆኖ ቀረ።"

ደብዳቤው ሁለት መስመር፣ ከመሥሪያ ቤት መጥቶ፤
"ጉዞው ይቋረጣል" ይላል፣ "ተሳፋሪ ጠፍቶ።"
ለሄስተር ስነግራት ምንም አልመለሰች፤
ምንጣፏን አስተካክላ ቁልፏን ዳበሰች።
"ሂድ" አለች፣ "ሰዓትህ ሞላ፣ ሰው ይጠብቃል።"
ማን እንደሚጠብቅ አምላክ ብቻ ያውቃል።

ፌርማታው ጋ ስደርስ ምሰሶው ተነቅሏል፤
ጉድጓዱ በሲሚንቶ ገና አሁን ተሞልቷል።
ግራ ቀኝ አየሁና፣ ማንም ሳያስቆመኝ፣
በቀኝ ጫማዬ ስጫን እርጥቡ ተቀበለኝ።
ከመኪናው ኋላ አንድ ጎልማሳ ወጣ፣
"ሂድ! ውጣ!" እያለ አካፋ ይዞ መጣ።

በሃያ ሁለት ዓመት፣ ዛሬ አንዴ ዘገየሁ።