ዘጠኝ ሰከንድ

ኪታኪዩሹ ዳር፣ ባሕሩ አፋፍ ላይ፣
ጨው የበላው ጣሪያ ሲያንጸባርቅ በፀሐይ፣
አንድ መጋዘን አለ፤ በሩ ሌት ተቀን ክፍት፣
ያረጁ ማሽኖች የሚገቡበት።

እኔ ሦስተኛው መስመር፣ ስሜም ካናሜ፣
አሥራ አንድ ዓመቴ፣ ካቻቢቴ ይዤ ቆሜ፤
እንደ ብልት አዋቂ ጅማቱን ዳስሼ
የሞተ ልብስ ማጠቢያ እፈታለሁ አጎንብሼ።
መዳቡን ከመዳብ፣ ብረቱን ከብረት፤
ዘመድ ከዘመዱ የሚባለው ተረት
እዚህ ሥራ ነው።

ሕጉ አጭር ነው፤ የሠራ ይረከብ፤
ሸጦ የበላበት ሬሳውን ይሰብስብ።
ገዢውም ይሸኛል፣ ግንባሩ ላይ ለጥፎ፣
የቀብር መዋጮውን በቲኬት ላይ ጽፎ።

አንዳንዱ ሆዱ ውስጥ ሳንቲም ይዞ ይመጣል፤
አንዳንዱ የሕፃን ካልሲ፣ ግራውን ብቻ፣ ያወጣል።
ከበሮው አናት ላይ ቀለበት አለች፣
እንዳይንገዳገድ ጨው ውሃ የያዘች፤
ስንበሳት የሚፈሰው እንባ ይመስላል ላየው።
እንባ ግን አይደለም። መጋዛችንን የሚበላ ጨው ነው።

ከሁሉ የምጠላው
ክዳኑ ሰማያዊ፣ ጎኑ ነጭ የሆነው፣
ሞተሩን ከሆዱ ብሎን ያልያዘው።
ሙጫ ነው።
አራት ደቂቃ ሙሉ በመሮ፣ በመዶሻ፤
አውራ ጣቴ ላይ አለ የጠባሳ ማስታወሻ።
«ይህን የጠነሰሰ እጁ ይጣበቅ!» እያልኩ
ስንት ክረምት ረገምኩ።

ማክሰኞ ለታ አቶ ኩራሞቺ መጣ፣
አንድ ክረምት ቀርቶት ጡረታ ሊወጣ።
ኩባንያው ይልካቸዋል መሐንዲሶቹን በተራ፣
የእጃቸው ሥራ ሲሞት እንዲያዩ፣ ከኛ ጋራ።
ካቻቢቴ ሰጠነው። ከሰልፉ የደረሰው
ያው ሰማያዊው ነው።

ታገለ። መነጽሩ የላብ ጭጋግ ለበሰ፣
መሮው ሁለቴ ስቶ የገዛ ጓንቱን በጣሰ።
ከዚያ ዝም አለ። አስከሬን ለይ እንደተባለ ሰው፣
ጨርቁን ገና እንደገለጠው፣
«የኔ ነው» አለ።

«ብሎን ማሰር ዘጠኝ ሰከንድ ይፈጅ ነበር፤
በሙጫ ተካሁት።
ከያንዳንዱ ማሽን ዘጠኝ ሰከንድ። ተጨበጨበልኝ፤
ይህን የእጅ ሰዓት ሸለሙኝ።»

ሁላችንም ሰዓቱን አየን። ይሠራል።
ማንም አልሳቀም።

በልቤ አሰላሁት፤ የሱ ትርፍ ዘጠኝ፣
የኔ ዕዳ ሁለት መቶ አርባ፣
በመሃል አሥራ ስምንት ዓመት የሰው ሸሚዝ ሲታጠብ።
ሂሳቡ ጠፍቶ አያውቅም፤
አድራሻው ነው እንጂ የጠፋው።

በጥቅምት ተመልሶ መጣ፤ በጨርቅ ጠቅልሎ
የአዲሱን ማሽን ጀርባ አዝሎ።
ሦስት ብሎን፣ ሦስቱም አንድ ልክ፤
አጠገባቸው ፕላስቲኩ ላይ የተቀረጸ ትንሽ ቀስት፣
ፊደል የለው፣ ቁጥር የለው፣ «ከዚህ» ብቻ የሚል ጣት።
ፈታሁት። ሰዓቱን አየ።
ስንት እንደፈጀብኝ አልነገረኝም፤
አንገቱን ዝቅ አድርጎ እጅ ነሳኝና ሄደ።

በመጪው ጸደይ ቀስቱ ሱቅ ይገባል፤
አሥራ ስምንት ዓመት ሰው ቤት ልብስ ያጥባል፤
እዚህ በር ሲደርስ የሚቀበለው
ዛሬ ገና ፊደል የሚቆጥር ልጅ ነው፤
ቀስቱን በጣቱ ዳብሶ፣
ማንንም ሳይረግም ይፈታዋል።

እስከዚያው ግን ሰልፉ አለ።
ዛሬ ብቻ ሰማያዊ ክዳን ያለው ስድስት ገብቷል።
ሰባተኛው ይኸው።
መዶሻዬን አቀብሉኝ።