የጋሽ እንግዳ አፍንጫ

ከጊዮርጊስ ወረድ ብሎ፣ ከወርቅ ቤቶቹ ጀርባ፣
አንድ የቆርቆሮ በር ነበር፣ ጎንበስ ተብሎ የሚገባ።
እዚያ ነው ቤቱ የጋሽ እንግዳወርቅ፣
ሰው የጣለውን ልጣጭ እንደ ንብረት የሚጠብቅ።

ማታ፣ የፒያሳ ጁስ ቤቶች ወንበር ሲያነባብሩ፣
ጥሩዬ ልጣጩን በባልዲ ታደርሳለች ከበሩ።
ብርቱካን ነው፤ አዋሽ ዳር ፀሐይ እንደ እናት ያጠባው፣
ጭነት መኪና ላይ አድሮ በሌሊት ከተማ የገባው፤
ጭማቂው በብርጭቆ ለጥንዶች ተሽጦ፣
ቆዳው ብቻ የቀረው፣ ነፍሱን ደብቆ አስቀምጦ።

‘ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይላሉ፤
የልጣጩን ነገር ግን ተረተኞቹ ዝም ብለዋል ሁሉ’
ይል ነበር ጋሽ እንግዳ።

እኔ ያኔ ስምንተኛ ክፍል ነኝ። ሥራዬ ማሽተት ነበር።
(ለሰው ስናገር ይሳቃል፤ እውነት ነው ግን፤ በወር ሠላሳ ብር።)

እሱ አራት ኪሎ፣ ከሳይንስ ፋኩልቲው ጓዳ፣
ሃያ ሁለት ዓመት ብልቃጥ ሲያጥብ፣ አሲድ ሲቀዳ፣
አንድ ቀን ጠርሙስ ፈነዳ።
ዓይኑን እግዜር አተረፈ፤
አፍንጫው ግን ያን ቀን ከሽታ ዓለም አለፈ።

ጡረታ ሲወጣ ወርቅ ቅብ ሰዓት ሸለሙት፤
‘አንገቱ የተሰነጠቀውን ማንጠሪያ ስጡኝ’ ሲል ሳቁበት።
ስንጥቁን በሊጥ መረገው፣ እንደ አረቄ አውጪ ሴት።

ልጣጩ በውሃ ይፈላል፤ እንፋሎቱ ሽቅብ ይነሣል፤
በቀዝቃዛው ቱቦ ሲያልፍ ጠብ ጠብ እያለ ይመለሳል፤
ውሃው ከታች፣ ዘይቱ ከላይ፣ ቀጭን እንደ ጥፍር ጨረቃ፤
ከሁለት ባልዲ ልጣጭ፣ ሁለት ማንኪያ። በቃ።

‘ና እስቲ፣ አፍንጫዬ! ምን ምን ይላል?’
‘ብርቱካን ብርቱካን ይላል።’
‘እሱንማ አውቃለሁ!
የቱ ብርቱካን? የጠዋቱ ወይስ የማታው? ይሄን ነው የምጠይቀው እኮ፣ ይሄን እጠይቃለሁ!’

‘አዲስ ደብተር’፣ ‘ክብሪት ሲጫር’፣ ‘ዝናብ የነካው አቧራ’፤
እንዲህ እንዲህ እያልኩ የሽታን ስም ስጠራ፣
ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን ይነቀንቃል፤
ሰው ያላሸተተውን እንዴት እንዲህ ያውቃል?

ዘይቱ ደንበኛ አላጣም። ሰዓት ጠጋኙ ሙሴ ካራቤት
የረጋ ቅባት ያስለቅቅበታል ከመዘውር ጥርሶች ስንጥቃት፤
የአንበሳው ሾፌር ቱሉ ጥጥ ነክሮ መሪው ጎን ያስራል፤
ተሳፋሪ ሲያጥወለውለው፣ አንዴ ስቦ ልቡ ይመለሳል።
ጥሩዬ ከስኳር ዕቃው ጉንዳን ታባርርበታለች፤
ትንሽም ከጆሮዋ ጀርባ። ለማን እንደሆነ ዝም ብላለች።

አንዲት ሴት መጣች አንድ ቀን፣ ልጇን ሳል ጠንቶበት፤
‘ስንት ነው መድኃኒቱ?’ ብላ ከነጠላዋ ጫፍ ብር ፈታችለት።
‘መድኃኒት አይደለም እቴ፣ አይጠጣም፤ ልጁን ሐኪም ቤት ውሰጂ’
አለና የታክሲ ሰጣት፤ ብልቃጡንም፦ ‘ለራስሽ፣ ሲደክምሽ ያዢ።’

አንድ እሁድ፣ ክረምት፣ ከሣጥን ሥር አወጣ ሻሽ፤
የሮማነወርቅን፣ የሟች ሚስቱን።
‘ምን ምን ይላል? አደራ፣ እንዳትዋሽ።’
ሳብኩት። ናፍታሊን ነበር። ናፍታሊን፣ እንጨት፣ ጨለማ።
ደግሜ ሳብኩት፤ ሴትዮዋ የለችም፤ ብጠራት አትሰማ።

‘ብርቱካን’ አልኩት። ‘የጠዋት። ጣት ላይ የቀረ፣ ሲላጥ።’
ሻሹን አጠፈ በዝግታ፣ እንደሚሰበር ብልቃጥ።
የየትኛው ወር ብርቱካን እንደሆነ አልጠየቀኝም።

አሁን ያ በር የለም፤ መንገዱ ሰፍቶ ተወስዷል፤
አበባ ተክለውበታል፤ ማታ መብራት ይነድበታል።
በዚያ ሳልፍ አንዳንዴ ብርቱካን ገዝቼ ቆሜ እልጣለሁ፤
ልጣጩን አጠፍ አድርጌ ወደ መብራቱ እጨምቃለሁ፤
ብን ትላለች ዘይቷ፣ ለአንዲት ቅጽበት፤
ጣቴ ላይ የቀረችውን ይዤ እሄዳለሁ እስከ ቤት።

አፍንጫ ሲመታ ዓይን ያለቅሳል ይላሉ አበው ሲተርቱ፤
የማን አፍንጫ፣ የማን ዓይን፣
ይሄን ሳይነግሩን ሞቱ።