የክር ቁጥር

መብራት ድርግም ሲል ከሕርማታ እስከ ቆጪ፣
ሰፈር በሙሉ ነው ሻማ ፈላጊ፣ ተቆጪ።
እኔ ግን ደስ ይለኛል። (ለማንም አልናገር፤
ደስታዬን ቢሰሙ ያባርሩኝ ነበር ካገር።)
ቧንቧዬን አወጣለሁ፦ የውኃ ቧንቧ፣ ግራጫ፣
የአሮጌ ፎቶ ኮፒ መስታወት የገባበት እስከ መቋጫ፤
እግሩ የሲንጀር መኪና ነው፤ ጨርቁ ቀርቶበት
ዛሬ ሰማይ ይሰፋል ሌሊት በሌሊት።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ፎቶ ቤት ነበረኝ፤
ጥቁርና ነጩን «ቀለም ቀባው» ሲሉኝ
በጥጥ ጫፍ አቀላሁ የስንቷን ጉንጭ፣ የስንቷን ከንፈር።
አመድማ ቀሚስ ለብሳ የተነሳች ሙሽራ
በእኔ ብሩሽ ቀረች፣ ሐምራዊ ለብሳ፣ ለዘር ስትወራ።
ስለዚህ ስለ ቀለም ብናገር ማንም አያምነኝም፤
ሲቲናማ ጨርሶ አታምነኝም።

ሲቲና ክር ነጋዴ ናት፣ ሕርማታ ነው ሱቋ፤
ቀለም በስም አትጠራም፣ ቁጥር ነው ቋንቋዋ።
«አሥራ ሁለት» ስትል የበሰለ ማንጎ ነው፤
«አርባ» ስትል የቦዬ ውኃ፣ ዝናብ ሲያንዣብበው።
በጨለማ እጇን ሰዳ ከሳጥኗ ክር ብታወጣ
ጣቶቿ ያውቁታል፤ ቁጥሩ አይዛነፍም፣ ብርሃን ቢታጣ።

ጥቅምት ነው። ክረምቱ ጓዙን ጠቅልሎ ወጥቷል፤
ከአወይቱ የሚነሳው ጉም ገና ተኝቷል።
ከአናታችን ወደ ሰሜን፣ ክንፉን የዘረጋ ወፍ አለ፤
ምንቃሩ ላይ አንድ ኮከብ፣ ደብዘዝ ያለ፣
አልቢሬዮ ይሉታል። በባዶ ዓይን
ሰው ከእንቅልፉ የሚቀሰቅስ አይደለም።
በቧንቧው ግን እንደ ባቄላ ክክ
ሁለት ይሆናል።

ትልቋ ማንጎ ናት፤ በዚህ አንጣላም፤ አሥራ ሁለት።
ጠባችን በትንሿ ነው። እኔ በደብተሬ ሦስት ዓመት
«ገለባ» ብዬ ጽፌአለሁ፣ ቀኑን ከነሰዓት።
«ኧረ ተማም፣ ስልሳ ሦስት! ያልታጠበ የተማሪ ሹራብ!
ሙሽራ ስትቀባ ኖረህ ዓይንህ ሰማያዊ ይራብ?»

ሐምሌ ላይ ሆስፒታል የቀኙን ሞራ ገፈፉልኝ፤
ፋሻው ሲፈታ የነርሷ ጋዋን ሰማይ መስሎ ታየኝ።
«ሰማያዊ ነው?» ብላት «ነጭ ነው፣ አባባ» አለችኝ።

ዛሬ በቀኝ ዓይኔ ወደ ቧንቧው ጠጋ አልኩ።
እዚያ ነበረች። ስልሳ ሦስት። ገና ያልታጠበች።
በግራ አየሁ፤ ገለባ።
በቀኝ፤ ሹራብ።
በግራ፤ ገለባ።
ሦስት ዓመት የጻፍኩት ኮከብ አልነበረም ለካ፤
የገዛ ዓይኔን ነበር፣ መጋረጃው ሳይነካ።
እና ሙሽሮቹ? እነዚያ በስተመጨረሻ የቀባኋቸው፣
በስንት ቢጫ ውስጥ አልፎ ነው ሐምራዊው የደረሳቸው?

ለሲቲና ነገርኳት። አልሳቀችም።
ቀና ብላ ቧንቧው ላይ ዓይኗን አኖረችና
«እንዳትገፋው፣» አለች፤ «ትውጣ። አሁን ና።»
ካልገፉት ሰማይ ይንሸራተታል።
ማንጎዋ ቀድማ ከጠርዙ ወጣች፤
ትንሿ ለሁለት ትንፋሽ ብቻዋን ቀረች፣
ነጣች፣
ማንም የማይጣላባት ተራ ኮከብ ሆነች፣
ከዚያ ተከተለቻት።

«ስልሳ ሦስትን ለብቻው ለገዢ አላሳይም፤
አሥራ ሁለትን ካጠገቡ ካላስቀመጥኩ
ዞሮ እንኳን የሚያየው የለም።»
ይሄን ያለችው ስለ ንግድ ነው። ስለ ንግድ ይመስለኛል።

መብራት መጣ። ሰፈሩ በፉጨት ተናወጠ፤
የሰማዩ ግማሽ ከጣራ በላይ ቀለጠ።
የግራ ዓይኔ ቀጠሮ ኅዳር ነው፤ እስካሁን አልወሰንኩም።
ሲቲና ሳጥኗን ስትዘጋ፣ ከአምፖሉ ሥር፣
ፊቷን በግራ አየሁት፤ በቀኝ አየሁት።
ደብተሩ እጄ ላይ ነበር።
ቁጥር አልጻፍኩም።