ባይታጠብ ኖሮ

እሁድ ከሰዓት በኋላ ራዲዮው ሲከፈት፣
ያ የድሮ ዘፈን ይመጣል በድንገት።
አቅራቢው ይጠይቃል፦ «ሸሚዙን ያጠበች፣
ያቺ የዘፈን ሴት፣ ለመሆኑ ማን ነች?»
አንዱ ይደውልና፣ «የለንደን ተዋናይ፣»
ሌላው፣ «ፈረንሳዊት ባለትዳር ነች ወይ
የአንድ ሎርድ ልጅ ናት፤ አጎቴ ያውቃታል።»
እኔ ድንች እልጣለሁ። ድስቱ ይንተከተካል።

እኔ ነኝ ያጠብኩት፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣
ጥርሰ ወላቃ፣ ባለ ሳሙና እጅ።

ሃል በምትባል ወደብ፣ ዓሣ በሚሸተው፣
ያልተጻፈ ሕግ ነበረን፣ ሁሉም የሚያከብረው፦
ባል መረቡን ጭኖ ወደ ሰሜን ሲሄድ
ሚስት እጇን አታውለበልብ፣ እስከ ደጅ አትውረድ፤
በዚያን ቀን በቤቱ ልብስ አይታጠብም፤
ካጠበች፣ ባሏን ሞገድ ያጥበዋል፤ ሬሳው አይገኝም።
ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ለእኔ የነገረኝ የለም።

ማክሰኞ ሌሊት፣ በዘጠኝ ሰዓት፣ ታክሲ መጣ፤
አባቴ ቦት ጫማውን ትከሻው ላይ ሰቅሎ ወጣ።
የእሁድ ሸሚዙ ቀረ፣ ወንበር ላይ ተጥሎ፣
ኮሌታው የቢራ፣ የትምባሆ ሽታ አዝሎ።
ሲመለስ ደስ ይበለው ብዬ፣ እናቴ ሳትነቃ፣
በጓሮ ገንዳ አሸሁት፣ ጣቴ በውርጭ ደርቃ።
ገመድ ላይ ሰቀልኩት።
ነፋስ ሞላው፤ እጅጌው ወደ እኔ ተዘረጋ፤
እኔም አውለበለብኩለት፣ ገና ሲነጋጋ።

እናቴ አልመታችኝም፤ ከገመዱ አወረደች፣
እርጥቡን አጣጥፋ በመሳቢያ ከተተች።
መሳቢያው እስከ ፋሲካ ሻጋታ ሸተተ፤
የመርከቧ ራዲዮ ከአይስላንድ ማዶ
አንዴ ተጣራ፣ ታከተ።

ፎቅ ላይ ተከራይ ነበረን፣ ክላይቭ ኦርሜሮድ የሚሉት፣
ፒያኖ አስተካካይ ነኝ ባይ፣ የሦስት ሳምንት ኪራይ ያለበት።
አንድ ሌሊት ከደረጃው ሥር ሳለቅስ አገኘኝ፣
«ምን ሆነሻል፣ ሊኔት?» አለና ብስኩት ሰጠኝ።
ነገርኩት። ለሰው የነገርኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው።
አልመከረኝ፣ አላጽናናኝ፤ ብስኩቱን ለሁለት ከፈለው።
በሳምንቱ ሻንጣውን ይዞ በጓሮ በር ወጣ፤
እናቴ አንሶላውን ገፈፈች በቁጣ።

በዓመቱ፣ ለንደን ውስጥ፣ ከምድር በታች ባለ ስቱዲዮ
አንዲት የብራድፎርድ ልጅ ዘፈነችው፤ ደረሰን በራዲዮ።
ጉንፋን ይዟት ነበር አሉ። ሰዓቱ ሞላና
ቫዮሊኖቹ ትርፍ ክፍያ ጠየቁ፣ ሣጥናቸውን አነሱና፤
ያ የተሰነጠቀ ድምፅ፣ መጨረሻው ላይ፣ እንዳለ ቀረ፤
አገር ሁሉ «ፍቅር ነው» ብሎ እሱን ሲሰማ አደረ።
ክላይቭ ልጅቷን ሴት አድርጓታል፣ አባትየውን ፍቅረኛ፣
ባሕሩን የባቡር ጣቢያ፤
ሸሚዙ ብቻ ነው የእኛ።

እናቴ ስትሰማው ካውያዋን አቆመች፣
«ደህና ዜማ ነው» አለች።
መልሳ ተኮሰች።
በወሩ ፖስታ መጣ፤ ደብዳቤ የለውም፤
የሦስት ሳምንት ኪራይ፤ አልጎደለም፣ አልተረፈም።
ሁለቴ ቆጠረችው። መሳቢያውን አየች።
ከዚያ እኔን። ከዚያ ሻይ ጣደች።

በሠርጌም ተደነሰበት፤ ከባሌ ጋር ዞርኩ በእርጋታ፣
ጆሮዬ ሥር «የእኛ ዘፈን» አለኝ፤ አንገቴን ደፋሁ በዝምታ።
አሁን ማጠቢያ ማሽን አለኝ፤ ማክሰኞ ግን አላስነሣውም።
ባሌ «ተበላሸ እንዴ?» ይላል።
«አዎ» እላለሁ። አልነግረውም።

ድንቹ አልቋል። አቅራቢው «መልሱን የሚያውቅ ይደውል» ብሎ
ቁጥሩን ደገመው።
ስልኩ አጠገቤ ነው።
እጄ እርጥብ ነው።