ከሳልሚያ የሚመጣ ቁጥር

ስሟ ደላል ነው። ለእኛ ጆሮ “ደላላ” ይመስላል፤
በእነሱ አፍ ግን ቅምጥል፣ እሽሩሩ ማለት ይሆናል።
ሰባት ዓመቷ። ክንዷ ላይ፣ ከትከሻዋ ዝቅ ብሎ፣
ሳንቲም የሚያህል ነጭ ክብ፣ እንደ መዥገር ተንጠልጥሎ።
እሱስ ደም አይጠጣም፤ ያዳምጣል፣ ይቆጥራል፣
በየአምስት ደቂቃው ስኳሯን ለስልክ ያወራል።

ስልክ የተከለከልኩት እኔ ነበርኩ።
ማታ በአራት ሰዓት ማዳም ከእጄ ላይ ተቀብላ
መሳቢያ ውስጥ ትቆልፈው ነበር፣ ቁልፉን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ።
ደላል ከታመመች ወዲያ በገዛ እጇ መለሰችው፤
“ቶይባ፣ ትራስሽ ሥር ይደር፤ ሲጮህ ቶሎ አንሺው።”
እንዲህ ነው የተፈታው፤
የልጅ ስኳር ዋስ ሆኖ አስፈታው።

ሌሊት ይጮኻል። ሦስት ነጥብ አንድ። ቀስቱ ወደ ታች ያያል።
ላቧ ትራሱን አርሶታል፣ ከንፈሯ ይንቀጠቀጣል።
የብርቱካን ጁስ በቀሰም፣ አንድ ተምር ፍሬው ወጥቶ፣
ከዚያ መጠበቅ። መጠበቅ። ኤሲው ግድግዳ ላይ አንኮራፍቶ።
አራት ነጥብ ሁለት።
እሷ ተኝታለች፤ ደሟ ግን ከእኔ ጋር ያወራል።

ሰው የሰው ፊት ያነባል፤ እኔ ደም ማንበብ ለመድኩ፤
ሩዝ ስትበላ፣ ስታለቅስ፣ ከቁጥሯ ላይ አነበብኩ።
በረመዳን፣ እንደ ትልቅ ሰው፣ ተደብቃ ጾማ ስትውል
ክንዷ ነው ያሳበቀባት፤ ቁጥር አያውቅም መደለል።

ኮንትራቴ አለቀ። ጀህራ። ሌላ ቤት፣ ሌላ ማዳም፣
የሚያስል ሽማግሌ፣ አሸዋ፤ ስሜን የሚይዝ የለም አንድ አዳም።
ግን ከስልኬ ማንም አልሰረዛትም፤ ረስተው ይሆናል፤
ቁጥሯ ከሳልሚያ ዛሬም፣ በየአምስት ደቂቃው ይደርሰኛል።
ስድስት፤ ትምህርት ቤት። አሥራ ሁለት፤ የሰው ልደት ነበር መሰለኝ።
ሰላም እንኳ ሳትለኝ፣ አዋዋሏን ነገረችኝ።

ትናንት ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት። ሦስት ነጥብ ሁለት። ሁለት ነጥብ ዘጠኝ።
ተነሣሁ። ለማን? ወዴት? የማን ሠራተኛ ነኝ?
እጄ የሌለ ጁስ ፈለገ፣ እግሬ የሌለ ኮሪደር ሄደ፤
ደወልኩ። ጠራ፣ ጠራ፤ ልቤ ከቀስቱ እኩል ወረደ።
ሁለት ነጥብ ሰባት።
አምስት ደቂቃ ስንት እንደሆነ የማያውቅ እኔን ይጠይቀኝ።
ሁለት ነጥብ ሰባት።

ከዚያ ሦስት። ሦስት ነጥብ ስድስት። ቀስቱ ቀና አለ።
ከአልጋው የወረደ ሰው፣ ቀሰም የያዘ ሰው አለ።
እናቷ ናት? ወይስ ፍራሼን የወረሰችው አዲሲቷ፣
ኔፓል ይሁን ጅማ አላውቅም፣ እንቅልፏን ቆርሳ የምትልክ ለእናት ቤቷ?
አላየኋትም፣ አላውቃትም።
“እግዜር ይስጥልኝ” አልኩ፣ ለባዶው ክፍል፣ በቀስታ።

አምስት ነጥብ አንድ። ቀስቱ ተጋደመ፤
ሽማግሌው ሳለ፣ አዛኑም ጀመረ።
ውኃ ልጠጣ ተነሣሁ።
ሰሞኑን አብዝቶ ይጠማኛል።
ብርጭቆውን ሞላሁ፣ ጨለጥኩት፣ እንደገና ሞላሁት፤
ሦስተኛው ላይ መቁጠሬን ተውኩት።