የካርድ ክፍሉ መስኮት

ልዑልሰገድ ይባላል፣ በታኅሣሥ ነው የመጣ፣
ውርጩ የሞላሌን ሜዳ ጨው አስመስሎ ሲያነጣ።
የሚነካ ታብሌት ይዞ፣ በሥዕል የተሞላ፣
ወረቀቴን «ሸክም» አለው፣ ክሬንም «የድሮ መላ»።
(በየቀበሌው ነው የማስር፣ ቀይ ለቆላ፣ አረንጓዴ ለደጋ፣
ሃያ ሁለት ዓመት፣ አንድ ካርድ ሳይጠፋብኝ፣ በክረምትም በበጋ።)

«ሰው አያነብም፣ በዓይኑ ገርፎ ያልፋል» አለኝ።
«ከሦስት ንክኪ ካለፈ ይሰለቻል» አለኝ።
«ከሰባት በላይ ምርጫ ለአእምሮ ይበዛል» አለኝ።
ጻፍኩት። የተማረ ሲናገር መጻፍ፣ ክፉ ልማድ አለኝ።

ጋሽ ዘርጋው ተራው ደረሰ፤ ጣቱን መስታወቱ ላይ አሳረፈ፣
ምንም። እፍ ብሎ አሙቆ ደገመ፤ ምንም። ሰልፉ ቆሞ ሰዓቱ አለፈ።
የጓሳ ገመድ ሲገምድ አርባ ዓመት የኖረ ጣት ነው፣
መስመሩ ያለቀ፤ መስታወቱ ሰው መሆኑን የካደው።
ይኸው ሰው ነው «ከሰባት በላይ አይችልም» የተባለው፣
ሰማንያ ሁለት በጎቹን በሳላቸው የሚለየው።

አሰለፈች ደግሞ አለች፣ አምና ፊደል የቆጠረች፣
ግድግዳችንን በሙሉ ድምጿን አውጥታ ያነበበች፣
የእሳት ማጥፊያውን ሳይቀር፣ ከአናቱ እስከ መጨረሻ፤
ካርዷን ረስታ ሄደች እንጂ፣ አልረሳችም የፋብሪካውን አድራሻ።

«ስንት ሰው ላይ ሞከርከው?» አልኩት።
«ስድስት።»
«የት?»
«ቦሌ።»
አልዋሸም። ለስድስቱ ልክ ነው።
ሰባተኛው ግን ባና ለብሶ፣ ደጅ ቆሞ በረደው።

እዚህ ላይ ባበቃ፣ ግጥሜ ያምርልኝ ነበር፣ እኔም እኮራለሁ።
ግን በሦስተኛው ቀን የሆነ አለ፣ ካልነገርኩ እዋሻለሁ።

ወጥቶ ከሰልፉ ቆመ። ተራው ሲደርስ አጎንብሶ
በመስኮቱ አየኝ፣ ግንባሩ ከደፉ ደርሶ።
«እትዬ የሻሽወርቅ፣ ከዚህ ውጭ ቆመው ያውቃሉ?»
አላውቅም።
ተቀምጬ ነው የማየው፤ ልክ ነው፣ ለእኔ ለደረቴ፣
ለቆመ ሰው ግን ከወገቡ በታች ነበር መስኮቴ።
ሃያ ሁለት ዓመት ሞላሌ፣ ነፍሰ ጡሯ፣ ሽማግሌው፣ ሲያጎነብስልኝ፣
«ጨዋ አገር» እል ነበር፤ ክብር መስሎኝ።

አናጢው ጌጡ ሁለት ስንዝር ከፍ አደረገው።
ታብሌቱ መሳቢያ ውስጥ ነው።
ክሩ አለ፣ ግን ቋጠርኩት፤ አንድ ለቆላ፣ ሁለት ለደጋ።
ቀይና አረንጓዴ የማይለይ ዓይን አለ ብሎኝ፣ አንዴ
ጠየቅሁ፤ እውነቱን ነው፤ እንዲያ ነው ተተኪዬ ወንዴ።
በደብተሬም ከሦስቱ «አለኝ» ጎን ጻፍኩ፦
ለማን? የት? በምን ብርድ?
ከራሴ ልማድ ጎንም እንዲሁ፤ እጄ ግን ቶሎ አልታዘዘኝም።

ጋሽ ዘርጋው ትናንት መጣ።
መስኮቱ ከፊቱ ትክክል ነው።
አጎነበሰ።
ጨዋነት ይሁን የወገብ ልማድ፣
መጠየቅ ነበረብኝ። ካርዱን ሰጠሁት።