አንድ ሠላሳ አምስተኛ

ሒርማታ፣ ከጫማ ተራው ጀርባ፣ ሰዓት የምጠግንባት ሱቅ፣
ሐምሌ ቆርቆሮውን ሲወቅጥ፣ ደንበኛ ከደጅ ሲርቅ፣
የሰው ሰዓት ወደ ጎን ገፍቼ፣
መሳቢያዬን ከፍቼ
ታንኬን አወጣለሁ።

ቲ ሃምሳ አምስት ናት፤ ስንዝር የማትሞላ፣
የእህቴ ልጅ ከዱባይ ያመጣት፣ በካርቶን፣ ተነቃቅላ።
አራት ወር ፈጀሁባት። ሰንሰለቷን በወረንጦ ስቀጥል፣
ረውዳ፣ ሚስቴ፣ «የበራችንን ማጠፊያ እንዲህ ብትይዘው» ስትል፣
ሰምቼ እንዳልሰማሁ።

ሁሉ ነገሯ አማረ። አፈሙዟ ብቻ ከዳኝ፤
ሁለት ክክ ፕላስቲክ፣ እንደ ባቄላ የተፈለጠ፣
በሙጫ ባጋጥመው መሀሉ ላይ ስፌት አበጠ፤
ስፌቱን በብርጭቆ ወረቀት ብፍቀው ክብነቱ ጠፋ፣
የዳክዬ አፍ መሰለ፣ ጠፍጣፋ።
ጫፉም ድፍን ነው። ድፍን አፍ ምን ይላል?
ምትክ ፍለጋ ተነሣሁ።

አንደኛው አሉሚኒየም፤ በፖስታ የመጣ፣ ባገር የሌለ፣
ውስጡ እንደ ቡሎን ጥርስ እየተጠማዘዘ የተሳለ፤
የልጄን የሁለት ወር የባጃጅ ሒሳብ በላ።
ግን ያ ጭስ የሚውጠው ሆዱ መሀሉ ላይ ነው!
የኔዋ የምታብጠው ጫፏ ላይ ነው።
ይሄ የስልሳ ሁለቷ ነው፤
የታናሿን ቀሚስ ለታላቋ ላልብሳት ነው?

ሁለተኛው ነሐስ፤ ቆጪ፣ ከአባ ቢያ ቶርኖ ቤት፣
የቡና መፈልፈያ ዘንግ ከሚቃናበት።
«ለወባ ትንኝ ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ፤
ሳቀ እንጂ አሳምሮ ሠራው፤ መስታወት ላይ ሲንከባለል
አንዴም ውልፍት አይል።
ግን አልበሳውም። ትንሹ መሰርሰሪያው ሦስት ሚሊ፤
እኔ የምሻው ቀዳዳ፣ መቶ ለሠላሳ አምስት ሲካፈል፣
ሁለት ነጥብ ስምንት ስድስት።
«ለዚች ፀጉር?» አለኝ።
ለዚች።

ሦስተኛው ያባቴ ሬዲዮ አንቴና፤
እንደ ሸምበቆ ባንጓ ባንጓው የሚቀጥን፣ የሚያበራ ገና።
ውስጡ ክፍት ነው፤ ካሊፐሩ ሲነክሰው ልክ፣
ሬዲዮው ዲዳ ከሆነ ዘጠኝ ዓመት አልፎታል፣ ማን ይከፋዋል ብነካካ?
መጋዙን አስጠጋሁ።
መጋዙን መለስኩ።

በዚህ መሀል አሥር አለቃ ሙዘይን ገባ፣ ጃንጥላውን እያራገፈ፣
ሰዓቱ በቀን አራት ደቂቃ ወደ ኋላ እየቀረ አስቸግሮት።
ጨርቁ ላይ ሦስቱን አየ። ዝም አለ። ቀኝ እጁን አሳረፈ፣
ሌባ ጣትና መሀል ጣት የሌሉበት።

«አጉራሽ ነበርኩ» አለ። «ሠላሳ ኪሎ ጥይት በክንዴ ታቅፌ፣
አጉርሼ እጄን ሳልመልስ፣ አፉን ገጠመ፤ ጣቴን ትቼ አረፍኩ ከደጃፉ።
ያጎረሰ እጅ ይነከሳል ሲባል፣ ልጅ ሆኜ፣ ስለ ውሻ ይመስለኝ ነበር።»

«ታዲያ አፉ፣ አሥር አለቃ? የቱን ነው የሚመስለው?»
«አፉን የት አውቄው! ከውስጥ ነበርኩ። እኔ የማውቀው ጉሮሮውን ነው።»
ታንኬን አነሣ፤ አፈሙዝ በሚገባበት ክፍተት
አንድ ዓይኑን አስጠግቶ አየ።
«ጉሮሮው የታለ?»
«የለም። ውስጧ ባዶ ነው። የሚሸጡት ውጪዋን ብቻ ነው።»
«ሰዎቹስ?»
«አንድ አዛዥ አለ፣ እስከ ወገቡ። ከወገቡ በታች አልተሠራም።»
«አዛዥማ መቼ ይጠፋል» አለ፤
ሰዓቱን ትቶልኝ፣ በዝናቡ፣ ወደ አዌቱ ድልድይ ወረደ።

ሳምንት አለፈ። ሰዓቱን አስተካክዬ ሰጠሁት፤ ሒሳብ አልተቀበልኩም፣ ተቆጣ።
ሦስቱም ጨርቁ ላይ ናቸው። አንዱም አልተለጠፈ።
ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆች መስታወቴን እየተደገፉ
«ምንድን ናት?» ይሉኛል።
«ትራክተር» እላቸዋለሁ።

ማታ ግን፣ ሱቁን ከዘጋሁ በኋላ፣ እርሳሴን አነሣለሁ፣
ያንኑ ስሌት አሰላለሁ፦
የሰው ሌባ ጣት፣ ሰባት ሳንቲም፣ ለሠላሳ አምስት ሲካፈል፣
ሁለት ሚሊ።
ከሩዝ ፍሬ ታንሳለች።
በወረንጦ እንኳ ለመያዝ ታስቸግራለች፤
ወለሉ ላይ ብትወድቅ
አትገኝም።